ጭንቅላቱን አትምቱ ይሉ የነበሩት የላቦራቶሪ መምህርት የሕይወት ታሪክ

ተማሪዎቻቸው «እትዬ ስላይድ» የሚሏቸው ልጃችን፣ ከአናጺው አባታቸውና ከእኔ ከእናታቸው በመስከረም ወር 1974 ዓ.ም. ተወለዱ። ሲወለዱ እትብቱ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ያን ቀን የያዘኝ ፍርሃት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ልጄን አንቱ ብዬ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ታሪካቸው በወጉ እንዲነበብ አንቱ እላቸዋለሁ። የምለምናችሁ ነገር መጨረሻው ላይ ስላለ ንባቡ ሳያልቅ ማንም ከስፍራው እንዳይንቀሳቀስ አደራ።

በ1982 ዓ.ም. ሁለተኛ ክፍል ሳሉ አንድ ውሻ የአባታቸው ሥራ ቤት ገብቶ ታናሽ ወንድማቸውን ጉንጩ ላይ ነከሰው። አባታቸው ውሻውን ጭንቅላቱ እስኪፈረካከስ በመዶሻ ቀጠቀጡት፤ ጎረቤትም ድንጋይ ጨመረበት። የደጃፋችን ደረጃ በደም ራሰ። የተጠራው የእንስሳት ሐኪም ደርሶ ቁጢጥ ብሎ አየና፣ «ወንድሞቼ፣ ይህ ውሻ አብዶ እንደሆነ የሚነግረን አንጎሉ ነበር። እናንተ ግን አፍርጣችሁት ጠበቃችሁኝ። ለማንኛውም ልጁን አሁኑኑ ለመርፌ ውሰዱት» አለ። ጎረቤት ሁሉ ግን «ርቦት ነው እንጂ አላበደም» አለ፤ አባታቸውም ያንኑ አመኑ። ይወሰድልኝ ብዬ ባለቅስ «አንቺ ደግሞ ሟርትሽን ተይን» ተባልኩ። ልጄ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ውሃ ባየ ቁጥር እየጮኸ፣ ምላሱን እየነከሰ፣ አልጋው ላይ በአንሶላ ታስሮ ሞተ። ታላቅ እህቱ በበሩ ስንጥቅ ሁሉንም አይተዋል። አባታቸው ከዚያ ወዲህ በዚሁ ጸጸት ኖረው አረፉ።

ሟች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1992 ዓ.ም. ሲያጠናቅቁ እኔ ጽሕፈት እንዲማሩ ፈልጌ ነበር፤ ጽሕፈት አይናከስም። እሳቸው ግን የእንስሳት ጤና ኮሌጅ ገብተው በላቦራቶሪ ሙያ ተመረቁ፤ እዚያው በረዳትነት ተቀጥረው በኋላ መምህርት ሆኑ።

የሚያስተምሩበት ክፍል መስኮቱ ከብት ወደሚያዝበት የብረት መቆሚያ ይከፈታል። ከወዲህ ደም ማሽከርከሪያው ሴንትሪፊዩጅ ያጓራል፣ ከወዲያ በሬው። ተማሪ ከጆሮ ሥር ደም መቅዳት፣ ጠብታውን ስላይድ በሚባለው ቀጭን መስታወት ላይ ስስ አድርጎ መሳብ፣ ማድረቅ፣ በቀለም መንከርና ማጠብ እዚያ ይማራል። ጠብታው ወፍሮ ከተሳበ «ይሄን ውሰድና ለመስኮትህ መስታወት አድርገው!» ብለው ከነስላይዱ ይመልሱታል። ጫፉ እንደ ላባ ከሳሳ ደግሞ «እሰይ፣ እጅህ ይባረክ» ይላሉ። አንዲት ላም ረግጣ ሁለት ጥርሳቸውን አውልቃለች። አንድ በሬ ከብረቱ ጋር አላትሞ ጎድናቸውን ሰብሯል። ያን ቀን ከሆስፒታል ደውለው መጀመሪያ የነገሩኝ «እማዬ፣ የደሙ ቱቦ አልተሰበረም» የሚል ነው። እኔ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሬሳቸውን ነበር የማየው። ስነግራቸው ይስቁብኝ ነበር፤ የጎደለው ጥርሳቸው የሚታየኝ ያኔ ነው።

በየዓመቱ የመጀመሪያው ትምህርታቸው ግን ስለ ደም አልነበረም። የተቆረጠ የውሻ ጭንቅላት በትሪ አስቀምጠው፣ የራስ ቅሉ እንዴት እንደሚከፈትና ናሙና ከየትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚወሰድ ያሳያሉ። ከዚያ በፊት ግን ሁሉንም አስነሥተው «ጭንቅላቱን አትምቱ» ያስብሏቸዋል። ለምን እንደሆነ ለተማሪ ተናግረው አያውቁም። የወንድማቸውን ነገር ዛሬ የምትሰሙት ከእኔ ነው።

በ2001 ዓ.ም. ከኮሌጁ ሾፌር ጋር ትዳር መሠረቱ። የተዋወቁት መኪና ውስጥ ነው። ሾፌሩ ጭናቸው ላይ የያዙትን የበረዶ ሣጥን ምሳ መስሎት «መምህርት፣ ካልከበደሽ አቅምሺኝ» አላቸው። «ክፈተውና የወደድከውን አንሣ» አሉት። ክዳኑን ገለጥ ሲያደርግ በላስቲክ የታሸገ ጭንቅላት ከነጆሮው አፈጠጠበት፤ መኪናው ቦይ ገባ። እንዲህም ሆኖ አገባቸው። አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

ዘንድሮ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አንድ ቡናማ ውሻ ለሃጩን እያዝረበረበ በኮሌጁ በር ገባ። የጥበቃውን ባት ዘነጠለው። ከዚያ ወደ መንገዱ ዞሮ በሩ አጠገብ ጎማ የሚጠግነውን ጎሚስታ የእጁን አንጓ ነክሶ ተንጠለጠለበት። ጎሚስታው በጎማ ማውለቂያው ብረት የውሻውን ወገብ እየመታ አላቀቀው። ሰፈሩ ዱላና ድንጋይ ይዞ ወጣ። ሟች ወፍራም ጓንት አድርገው፣ ጫፉ ላይ የሽቦ ማነቂያ ያለው ረጅም ዘንግ ይዘው መሐል ገቡ።

«ጭንቅላቱን አትምቱ! አንገቱን እይዘዋለሁ!»

«ዞር በይ መምህርት! ለውሻ ነው እንዴ የምታዝኚው?» አላቸው ጥበቃው፣ ደሙን በእጁ አፍኖ እየተሳደበ።

«ለአንተ ነው እንጂ የኔ ጌታ!»

ማነቂያውን አስገቡ። ውሻው ሽቦውን እየነከሰ ሲፈራገጥ ወደ መሬት ጫኑት። ጎሚስታው ወደ ውሻው ጭንቅላት የወረወረው ድንጋይ ያን ጊዜ የእሳቸውን ጭንቅላት ከኋላ አገኘ። በጉልበታቸው ወደቁ። ተማሪዎቻቸው ሲደርሱ ዘንጉን ከእጃቸው ማስለቀቅ አልቻሉም ነበር። እየጮኸ ተሸክሞ መኪና ላይ ያወጣቸው ራሱ ጎሚስታው ነው።

የኮሌጁ ሐኪም ውሻውን በመርፌ ገደለው። ጭንቅላቱ ጭረት አልነበረበትም። ተማሪዎቻቸው እንዳስተማሯቸው ከፍተው፣ ናሙናውን ስላይድ ላይ አትመው፣ በጨለማው ክፍል ማይክሮስኮፕ ሥር ሲያዩት የበሽታው ምልክት የሆነው አረንጓዴ ብርሃን ፈካ። የእብድ ውሻ በሽታ ነበረበት። የውሻው ባለቤት የሆነው የሰፈሩ ልብስ ሰፊ «ውሻዬ ጤነኛ ነው፣ ሰው ደብድቦት ነው የከፋው» እያለ ውሻው የቧጨራትን ሴት ልጁን ለመርፌ አልወስድም ብሎ ነበር። ተማሪዎቹ ይዘውት ገብተው በማይክሮስኮፑ አሳዩት። ልጅቷን አዝሎ ሮጠ። ዛሬ መርፌዋን እየተወጋች ነው፤ ደህና ናት።

ሟች በሆስፒታል ሳሉ ንግግራቸው እስኪዘጋ ድረስ ሁለት ነገር ተናግረዋል። ለተማሪዎቻቸው «ሁለተኛ ስላይድ ሥሩ፤ አንድ አይታመንም» አሉ። ለእኔ ደግሞ «ጎሚስታውም ተነክሷል። መርፌውን እንዳያቋርጥ ንገሪው» አሉኝ። ጭንቅላታቸው ውስጥ የፈሰሰው ደም ሊቆም ስላልቻለ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ42 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና እኔ ቀርተናል።

ልመናዬ ይህ ነው። የአክስቶቻቸው ልጆች፣ ትናንት በጓሮ ስትማከሩ ሰምቻለሁ። መኪናው ውስጥ የጫናችሁትን ዱላም አይቻለሁ። ጎሚስታው እናንተን ፈርቶ ተሸሽጓል፤ የትናንቱ መርፌ አልፎታል። የት እንዳለ አውቃለሁ፤ አልነግራችሁም። የጥፋቱን ነገር ሕግ ይየው። እናንተ ስታሳድዱት መርፌው ከቀረ እንዴት እንደሚሞት የማውቀው እኔ ነኝ፤ አንሶላውን ያሰርኩት በእነዚህ እጆች ነውና። ያኔ ሟርተኛ ተብዬ ዝም አልኩ። ዛሬ ዝም አልልም። ከቀብር መልስ የልጄ ባለቤት መኪናውን ያወጣል፤ ጎሚስታውን አጠገቤ አስቀምጬ እስከ መርፌው ድረስ እሄዳለሁ። መንገድ የሚዘጋ ካለ መጀመሪያ የእኔን ጭንቅላት ይምታ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ተቀብሎ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ያገናኝልኝ። ውሃ በማያስፈራበት ስፍራ አብረው ያሳርፍልኝ። አሜን።