ማንም ያላመለከተው ጉድጓድ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለሞይራ፣

እንደምን ከርመሻል እትዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃ መውጣት ጀመርሽ ወይስ አሁንም ሻይሽን አልጋሽ ድረስ የሚያመላልሰው ግራንት ነው? እሱስ ደህና ነው? ልጆቹስ፣ በጎቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ጋ በጋው ሲመጣ እናንተ ጋ፣ ከምድር ወገብ ወዲያ ማዶ፣ ብርዱ እየገባ ስለሆነ እባክሽ ጠዋት ጠዋት ወደ በረቱ ያለ ጓንት አትውጪ። በልጅነትሽም ጣቶችሽ በብርድ ይሰነጣጠቁ እንደነበር አልረሳሁም።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ። መልሱን ያዘገየሁት ረስቼሽ አይደለም፣ ደክሞኝ ነው። ካለፈው መጋቢት ወዲህ ከመኪናዬና ከአንድ የአስፋልት ጉድጓድ በቀር ስለ ሌላ ነገር ያሰብኩ አይመስለኝም። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ለአውራጃው አስተዳደር የምጽፈው ማመልከቻ ይመጣብኝና ለአንቺ የሚሆን ቃል ያጥረኛል።

ኤድና ሌድፎርድ ከተማ ያለው የአረጋውያን መጦሪያ ከገባች ሁለት ዓመት እንደሞላት ታውቂያለሽ። እኔ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እሄድና እራቷን በእጄ አበላት ነበር። ከሌላ ሰው እጅ አትቀበልም። ከንፈሯን ግጥም አድርጋ በር በሩን ታያለች። ስሜን ረስታዋለች፣ አርባ ስድስት ዓመት በትዳር አብረን መኖራችንንም ረስታዋለች፣ ግን ማንኪያውን የያዝኩት እኔ ስሆን አፏን ትከፍታለች። የቀረኝ ይኸው ብቻ ነበር፤ እሱም ይበቃኝ ነበር።

መኪናዋ የተሰበረችው ከእሷ ዘንድ ስመለስ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ጠመዝማዛ ስደርስ ትራክተር ፊት ለፊቴ መጣ። ጉድጓዱን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ፣ ወደ መንገዱ መሀል፣ ዞር ብዬ ነበር የማልፈው፤ ያን ዕለት ግን መዞሪያ አልነበረኝም። ዝናብ ሞልቶት ጥልቀቱ አይታይም። ግራ ጎማዬ ሲገባበት ከሥር አንድ ነገር ጓ ብሎ ተሰበረ። ጎማው ፈነዳ፣ ቸርኬው ተጣመመ፣ የፊቱ ሞላ ለሁለት ተከፈለ። መካኒኩ ኮሊን ከሥሯ ገብቶ ሲወጣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «አልዊን፣ እውነቱን ልንገርህ? ይህቺን ከምታሠራት ብታለቅስላት ይረክስልሃል» አለኝ። የመጦሪያው ክፍያ ከጡረታዬ ላይ ሲነሳ ምን እንደሚተርፈኝ እሱም ያውቃል። «መንገዱ የአውራጃው ነው፣ ካሣ ጠይቃቸው» አለና መኪናዋን ጋራዡ ጓሮ አቆመልኝ።

አውቶቡስ ያለው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው። የመጨረሻው መመለሻ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለሆነ እራቷ ሰዓት ላይ አልደርስም። ሁለት ጊዜ በቀትር ሄጄ ተኝታ አገኘኋት፣ ፀጉሯን ዳብሼ ተመለስኩ። ጎረቤቶች በሬን እያንኳኩ «የሚያስፈልግህ ነገር አለ?» ይሉኝ ነበር። ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው አንቺ አታጪውም። «ኧረ ምንም፣ የሁለት ሦስት ቀን ነገር ነው» እያልኩ በፈገግታ ሸኘኋቸው። እናታችን እንዲያ አድርጋ ነው ያሳደገችን፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ጎረቤት ሳንረብሽ ቀስ ብለን እንድናጠፋ።

ወደ አስተዳደሩ ስደውል አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ካሰሙኝ በኋላ አንዲት ትሑት ሴት ቅጽ እንደምትልክልኝና ጉድጓዱን ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ማንሳት እንዳለብኝ ነገረችኝ። በሰባ አራት ዓመቴ መንገድ ላይ ተንበርክኬ ማስመሪያ ጉድጓድ ውስጥ ስከት ብታዪኝ ኖሮ ትስቂ ነበር። አንድ መኪና ቆሞ ባልና ሚስት ሮጠው ወረዱ፣ የወደቅኩ መስሏቸው። «ደህና ነኝ፣ እየለካሁ ነው» አልኳቸው። ጥልቀቱ የእጄን መዳፍ ያህል ነበር። ቅጹ ላይ ደግሞ «ጉድጓዱ መኖሩን ከአደጋው በፊት ያውቁ ነበር ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ። እኔም ሞኙ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ ብዬ እውነቱን ጻፍኩ።

መልሱ በስድስተኛው ሳምንት መጣ። የተከበሩ አቶ ፐርኪስ፣ በደረሰብዎት ነገር እናዝናለን ይላል መጀመሪያው። ቀጥሎ፣ መርማሪያችን በየካቲት ቦታው ድረስ መጥቶ ጉድጓዱ ከሁለት ጣት የማይጠልቅ መሆኑን መዝግቧል፤ ከዚያ ወዲህም ስለዚህ ጉድጓድ ያመለከተ አንድም ሰው የለም፤ እርስዎ ራስዎ ሁለት ዓመት እያወቁት አላመለከቱም፤ ያልተነገረንን ባለመጠገናችን ካሣ አንከፍልም ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሚያናድደው ውሸት የሌለበት መሆኑ ነው።

ወረቀቱን ይዤ ወደ መጠጥ ቤቱ ሄድኩ። መንደሩ ሁሉ ስለዚያ ጉድጓድ ሁለት ክረምት ሙሉ ሲያማርር የኖረው እዚያው ነው። ከእናንተ ውስጥ ያመለከተ ማነው ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ቢራ ቢራውን ማየት ያዘ። ዶሮ አርቢዋ ጆስሊን፣ «እኔ እኮ ኮሊን ያመለከተ መስሎኝ» አለች። ኮሊን፣ «እኔ ደግሞ አንቺን ነበር የጠረጠርኩት፣ ከሁላችን አንቺ ነሽ አፍ ያለሽ» አላት። ከጥግ አንዱ፣ «ኮሊንማ ምን በወጣው! ጉድጓዱ ደንበኛ እያመጣለት» ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ያልሳቀው ጎረቤቴ አቶ ሬጅ ትራንተር ብቻ ነበር። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሁለታችንን የሚለየን አንድ አጥር ነው። ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። እየሞላሁት ነበር» አለ። ለካ ክረምቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከጓሮው ጠጠር በእጅ ጋሪ እየገፋ ይደፍንበት ኖሯል። ማንም እንዳያየውና እንዳያመሰግነው ብሎ ነው በዚያ ሰዓት የሚወጣው። መርማሪው የመጣው በሰኞ ቀን ነው፤ የለካው የሬጅን ጠጠር ነው። የመጋቢት ዝናብ ጠጠሩን ጠርጎ ሲወስደው ሬጅ ወገቡን ታሞ ተኝቶ ነበር።

ተናደድኩ እትዬ፣ አልዋሽሽም። አንድ ሰው ስልክ አንስቶ ቢናገር ኖሮ በሚያልቅ ነገር! ግን ያ አንድ ሰው እኔም መሆን እችል ነበር። ሬጅ ግን ንዴቴን ሳያይ፣ «ለመሆኑ ኤድናን ማን እያበላት ነው?» አለኝ። የመጦሪያው ሰዎች እየታገሏት ነው አልኩት። ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ «ስድስት ሳምንት? የኔ መኪና አጥርህ ሥር ቆማ? አንተ ምን ዓይነት ደረቅ ሰው ነህ! አፍህ የተሠራው ለሾርባ ብቻ ነው እንዴ?» ብሎ በሰው ፊት ጮኸብኝ። ሬጅ ሲጮህ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አደረሰኝ። ኤድና መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች፣ ሩዶ የምትባለው የዚምባብዌ ተወላጅ አስታማሚ እያበላቻት ነው። ኤድና አፏን ትከፍታለች፣ ትውጣለች፣ እንደገና ትከፍታለች። ሩዶ ስታየኝ ደስ ብሏት ማንኪያውን ሰጠችኝና ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ተቀምጬ የድንቹን ገንፎ አቀረብኩላት። ኤድና ከንፈሯን ግጥም አደረገች። ከዚያ እንደ እንግዳ አየችኝና፣ «ደግ ሰው ነዎት፣ እሷን እጠብቃለሁ» አለችኝ። ማንኪያውን ለሩዶ መለስኩላት።

ሩዶ እስከ በሩ ሸኘችኝ። የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ቀናት ኤድና እራት አልቀምስ ብላ በሩን ስታይ ታመሽ እንደነበር ነገረችኝ። በአሥረኛው ቀን ለሩዶ አፏን ከፈተችላት። «አባባ፣ ደውዬልዎት ነበር እኮ። መምጣት አቅቶዎት እንደሆነ ስጠይቅዎት ምንም ችግር የለም አሉኝ» አለችኝ። ብያለሁ። ጥፋት የለብሽም ልጄ አልኳትና መኪና ውስጥ ገባሁ።

በዚያው ሳምንት ከአስተዳደሩ ሦስት ሰዎች መጥተው ጉድጓዱን ደፈኑት። ከመስኮቴ ሆኜ ሰዓት ያዝኩላቸው፣ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀባቸው። ይግባኝ ማለት እችላለሁ አሉ፣ ሬጅም የምስክርነት ቃሉን በንጹሕ ወረቀት ጽፎ ሰጥቶኛል። ምናልባት እልከዋለሁ፣ ምናልባት አልልከውም። አሁንም በየቀኑ በሬጅ መኪና እሄዳለሁ። ሩዶ ስታበላት እጇን ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ እጇን አትነጥቀኝም።

እትዬ፣ ባለፈው በስልክ እንዴት ነህ ስትዪኝ ደህና ነኝ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ደህና አይደለሁም። ቤቱ ጭር ብሎብኛል፣ እራት መሥራትም ትቻለሁ። ከቻልሽ፣ ጉልበትሽም ከፈቀደልሽ፣ ነይልኝ። እንዲህ ብዬ ሰው ለምኜ ስለማላውቅ አጻጻፉ ካስቀየመሽ ይቅር በይኝ።

ለግራንት ሰላምታዬን ንገሪልኝ፣ ሚስቱን ለአንድ ወር እንዲያውሰኝ አጎንብሼ እለምነዋለሁ በይው። ልጅሽን ከርስቲን ከነባሏ ሰላም በይልኝ፤ ገና ያላየኋትን ትንሿን ልጃቸውን ኢሶቤልን በእናቷ አጎት ስም ጉንጯን ሳሚልኝ። ሬጅም ሰላም ብሎሻል። በየደብዳቤዬ መጨረሻ «ኤድናም ሰላም ትልሻለች» እያልኩ ስጽፍልሽ የኖርኩት ከራሴ ነበር። ዛሬ ሰላም የምልሽ እኔ ብቻ ነኝ።

ወንድምሽ አልዊን

ሃርትልኮት፣ እንግሊዝ
እ.ኤ.አ. ጁን 9 ቀን 2019