ተራራ የሌለበት ሸለቆ

ሰኞ

አሁንም አላለቀም። ከሚሴ ከገባሁ አራተኛ ቀኔ ነው። መብራት ሲመጣ ላፕቶፑን እሰካለሁ፣ ሲሄድ ጋደም እላለሁ። የማስተርስ ጽሑፌ የአየር መከላከያ ራዳሮች ተያይዘው ሲሠሩ በኮምፒውተር የሚያሳይ ሞዴል ነው። የትኛው ራዳር የት ቢቆም ዝቅ ብሎ የሚበር ነገር ያያል? መሬቱን እዚሁ ከሚሴ ያለውን የጨፋን ሸለቆ አደረግኩት፤ የማውቀው አገር ነው ብዬ። ሐሙስ ለአማካሪዬ መላክ አለብኝ።

ውጤቱ ያምራል። ሦስት ራዳር ሸለቆውን በሙሉ ይሸፍናል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ዓይኔ ግን ይቃጠላል፣ ወገቤም።

ማክሰኞ

እናቴ ስክሪኑን አይታ፣ «ይኼ ነገር ሰው ይጎዳል ወይ?» አለችኝ።

«አይ እማ፣ የሚመጣውን ማየት ብቻ ነው።»

«ማየቱንስ ማን ጠላ» ብላ ወጣች። የአውሮፕላን ድምፅ ስትሰማ ዛሬም ከደጅ ወደ ቤት ትገባለች።

ምንም አልሠራሁም። ሁለት አንቀጽ ጻፍኩ፣ አንዱን ሰረዝኩ።

ረቡዕ

አባቴ ማሽላውን ከወፍ እየጠበቀ ነው፤ ምሳ ይዤለት ሄድኩ።

«አካም ጅርታ መዲና?» ብሎ በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቀኝ።

«ፈያ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ማማው ላይ አብሬው ተቀመጥኩ። ነፋሱ ደስ ይላል። «የአጎቴ ማሳ ከዚህ ይታይሃል?» አልኩት፣ ለወሬ ያህል።

«በየት በኩል? ጉብታው ከልሎት! ወፍ ሲወርድበት እሱ ሲጮህ ነው የምሰማው።»

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። በእኔ ሞዴል ውስጥ ጉብታ የከለለው ነገር አንድም የለም።

ቤት ገብቼ ኮዱን ከፈትኩ። የመሬቱን ከፍታ የያዘው ፋይል አልተነበበም። ፕሮግራሙ ፋይሉን ሲያጣ ስህተት አለ አላለኝም፤ ሸለቆውን ዝም ብሎ ሜዳ አድርጎታል። ስንት ወር ሙሉ ተራራ የሌለበትን አገር ስጠብቅ ኖሬያለሁ።

ሐሙስ

አስተካክዬ እንደገና አስኬድኩት። ቀዳዳ በቀዳዳ። የቦርከናን ወንዝ ይዞ ዝቅ ብሎ የሚመጣን ነገር ሦስቱም አያዩትም፤ ከተማው ደጃፍ ሲደርስ ነው የሚታየው።

አሮጌውን ብልክስ ማን ያውቃል? አንድ ሰዓት ያህል አሰብኩበት። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ። እናቴ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ በመስኮት አየኋት። ቀና ብላ ሰማዩን አየች፣ ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች። አማካሪዬ ጋ ደወልኩ።

«ዶክተር፣ ውጤቴ ስህተት ነው።»

«ማን ነገረሽ?» አሉ።

«አባቴ።»

«ምን ይሠራሉ?»

«ገበሬ ነው።»

«በዚህ ዙር ማቅረብ አትችዪም። ለሚቀጥለው እንዲያዘዋውሩሽ እጠይቃለሁ፤ ቃል ግን አልገባልሽም» አሉኝ።

አላለቀስኩም። ማልቀስም ጉልበት ይጠይቃል።

ዓርብ

አባቴ ከጁምዓ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት።

«ተራራውን ረስተሽው ነው?»

«አዎ።»

«እሱ የትም አልሄደ። አሁን አስገቢው» ብሎ ጫማውን ማውለቅ ቀጠለ።

አራተኛ ራዳር ከሸንተረሩ ላይ አቆምኩ። ቀዳዳው ጠበበ፤ አልተዘጋም። ከዩኒቨርሲቲው እስካሁን መልስ የለም። ምሳዬን በላሁና ላፕቶፑን ዘጋሁት፤ መብራት እያለ። አሁን ትንሽ ልተኛ ነው።