የእማማ ካቻቪቴ የሕይወት ታሪክ

ታላቅ እህቴ ከአናጺ አባታችንና ከልብስ አጣቢ እናታችን በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። በሰባት ዓመታቸው የቤታችንን የግድግዳ ሰዓት ፈታተው መልሰው ገጠሙት። ሁለት ብሎን ተረፋቸው፤ ሰዓቱ ግን እነሆ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ስምንተኛ ክፍልን አጠናቀው በ1965 ዓ.ም. የልብስ ፋብሪካ ገቡ። በዚያ አዳራሽ ሴት ትሰፋለች፣ ወንድ ይጠግናል። የስፌት መኪናዋ የቆመባት ሴት እጇን አውጥታ መካኒኩን ትጠብቃለች፤ መካኒኩ ደግሞ ሻዩን ሳይጨርስ አይነሳም። እህቴ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ካቻቪቴ በሽርጣቸው ኪስ ይዘው የራሳቸውንም የጎረቤቶቻቸውንም መኪና ይፈቱ ጀመር። ቅጽል ስሙም በዚያው ወጣላቸው።

የመካኒክ ቦታ በወጣ ቁጥር አመለከቱ። አራት ጊዜ «ለሴት አይሆንም» ተባሉ፤ የተቀጠሩትን ወንዶች ያሠለጠኑት ግን እሳቸው ነበሩ። ጉድ እኮ ነው! ከሠልጣኞቻቸው አንዱን በ1973 ዓ.ም. አግብተው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ዛሬም መኪና ክር ሲበጥስባቸው ግራ ይገባቸዋል። እዚሁ ተቀምጠው እየሰሙኝ ነው፤ እስቲ ይካዱ!

ከሠላሳ ሰባት ዓመት አገልግሎት በኋላ ጡረታ ሲወጡ የተሰጣቸው የምስክር ወረቀት «ልብስ ሰፊ» ይላል። ቤት ገብተው አለቀሱ። ከዚያ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው፣ በሚንገዳገደው ጠረጴዛ እግር ሥር ሸጎጡት። በማግስቱ ሳሎናቸውን የጥገና ቤት አደረጉት፤ በዚያም አሥራ አንድ ሴቶች ሙያውን ተማሩ። እኛም እንግድነት ስንሄድ የምንቀመጥበት አጣን።

አምና በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ሲወሰዱ፣ የካርድ ክፍሉ ጸሐፊ ሳይጠይቃቸው ሥራቸውን «የቤት እመቤት» ብሎ ሞላ። እህቴ ቃሬዛ ላይ ተኝተው ካርዱን አስመለሱ። «መካኒክ» ተብሎ እስኪጻፍ ድረስ ወደ ውስጥ አልገባም አሉ፤ አልገቡምም። በዕድሜያቸው ያንን ቃል ከስማቸው ጎን የያዘ ወረቀት እሱ ብቻ ነው። ልጆቻቸውን ደጋግመው ያስነብቡት ነበር።

ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ ታናሻቸው በጣም ከፍቶናል። ከፎቶግራፋቸው ሥር ያተምነውን «መካኒክ» የሚል ቃል የገለበጥነው ከዚያ ካርድ ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን፣ እጅ አውጥታ ሳትጠብቅ፣ ይቀበላት።