ግመሉ ምን በላ

ሮቤ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፌበን፣

የጎዴ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም እንደ አምናው አያስቸግረኝም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ያ ግመል በእጅሽ ላይ ከሞተ ወዲህ የማደንዘዣ መርፌ መያዝ እንዳቃተሽ፣ የእንስሳት ሕክምናውን ትተሽ ከእኔ ጋር ሱቅ መቆም እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። በስልክ እንዳልመልስልሽ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ ዝም እላለሁ። ስለዚህ ከማስታወሻ ደብተሬ እየገለበጥኩ እጽፍልሻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ስንዴ ልገዛ ጎሮ ሄጄ ነበር። ከሮቤ ስንወጣ ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል። በየማሳው የተከመረው ነዶ የተኛ እንስሳ ይመስላል፤ ሚኒባሱ ውስጥም ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ያንቀላፋል። ከሾፌሩና ከእኔ በቀር የነቃ አልነበረም።

ጎሮ እንደ ደረስኩ ሀጂ ኡመርን ፍለጋ ፍስሐ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ግቢ ገባሁ። ሀጂ ኡመርን ታውቂያቸዋለሽ፤ ከቆላ እህል በግመል የሚያመጡልን ሽማግሌ ናቸው። አውራ ግመላቸው ከሌላ አውራ ጋር ተናክሶ የታች መንጋጋው ተሰብሯል። ፍስሐ አስተኝቶ አጥንቱን በሽቦ ሊያስር ተዘጋጅቷል።

«ሀጂ፣ ከትናንት ጀምሮ ምንም አልበላም አይደል?» አላቸው።

«አልበላም።»

«ውሃስ?»

«ምንም።»

ፍስሐ መርፌውን አነሳ። እኔ ግን የሀጂን እጅጌ አየሁ፤ ሙቅ ደርቆበታል። ሠላሳ ዓመት እህል ስገዛ ገበሬን «ስንዴው ደረቅ ነው?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ደረቅ ነው ይለኛላ። «ዝናብ የመታው ስንት ቀን ነው?» ነው የምለው።

«ሀጂ፣» አልኳቸው፣ «ዛሬ ጠዋት ያጠጡት ሙቅ የገብስ ነው የበቆሎ?»

«የገብስ ነው እንጂ። በቆሎ ይከብደዋል» አሉኝ ሳያስቡት።

ፍስሐ መርፌውን አስቀመጠ። ሀጂ መሬት መሬት እያዩ፣ «ሩቅ የሚሄድ በባዶ ሆዱ አይሸኝም። ቢሞትስ፣ ተርቦ ይሙት?» አሉ። ማኘክ ስላቃተው ሙቁን በጠርሙስ አንቆርቁረውለታል። ሐኪም ለማታለል አይደለም፤ አዝነውለት ነው። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩና፣ «ከእንግዲህ ነጋዴ ባለበት ስለ ግመሌ አፌን አልከፍትም» አሉኝ። ፍስሐ እንኳ ሳቀ።

ያን ጊዜ ደብዳቤሽ ትዝ አለኝ። «ባለቤቱን ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት፣ ሦስቴም አልበላም አለኝ፤ ከተኛ በኋላ ግን ከሆዱ የተመለሰው ምግብ ሳንባው ገባ» ብለሽኛል። አንቺ ከዚያ ወዲህ የመድኃኒቱን መጠን ስታሰይ ትውያለሽ። ፌቢ፣ መርፌሽ አልነበረም። ምንም ጥፋት የለብሽም ግን አልልሽም፤ ጥያቄሽ ነበር። ለሚሳሳለት ሰው «አልበላም» ማለት የሚቀልበትን ጥያቄ ነው የጠየቅሽው። «በላ ወይ?» አትበይ። «ምን በላ?» በይ።

ፍስሐ ሥራውን ለማግስቱ ከሰዓት አዛወረው፤ ግመሉም ከሀጂ ርኅራኄ ርቆ እዚያው ግቢ ታስሮ አደረ። እኔም ጎሮ አደርኩ።

በማግስቱ መርፌው ገባ። ግመሉ እንደ ተንበረከከ ያ ረጅም አንገቱ ቀስ እያለ ወረደ፤ ውሃ ውስጥ እንደሚሰምጥ ገመድ። የታች ከንፈሩ ተንጠለጠለ። ዓይኑን በሀጂ ሽርጥ ሸፈኑት፣ ጎንና ጎኑን ገለባ በሞላ ጆንያ ደገፉት፣ ምራቁ ወደ ውጭ እንዲፈስ አፍንጫውን ቁልቁል አዘነበሉት።

«ጋሼ ደጀኔ፣ ትንፋሹን ይቁጠሩልኝ» አለኝ ፍስሐ።

ደብተሬን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጎኑ ይነሳል፣ ይቆያል፣ ይወርዳል። ግቢው በብርሃን የተሞላ ነበር፤ የገበያው ድምፅ ከሌላ አገር የሚመጣ መሰለኝ። እየቆጠርኩ ያለሁት የማንን ትንፋሽ እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠፋኝ። አራት ዓመትሽ ሳለ፣ የሳንባ ምች ይዞሽ ጎባ ሆስፒታል የተኛሽ ጊዜ እንዲህ ቆጥሬያለሁ። ደብተሬ ላይ ሳየው አንድ መስመር ዘልያለሁ።

መንጋጋው በሽቦ ከታሰረ በኋላ ብዙ ቆይቶ ጆሮው ተንቀሳቀሰ። ሀጂ ጎትተው ሊያስነሱት ሲሉ ፍስሐ ክንዳቸውን ያዘ፤ «ሱታ፣ ሀጂ፣ ሱታ። ቀስ ብሎ ራሱ ይምጣ።» ግመሉ አንገቱን አነሳ። ሁላችንንም አንድ በአንድ አየን፤ የት እንደ ነበረ ሊነግረን አስቦ የተወው ይመስል ነበር። ከዚያ ተነስቶ ቆመ።

ስንዴ ሳልገዛ ተመለስኩ። ዋጋው አላማረኝም።

ሱቅ ውስጥ የጠየቅሽኝን ቦታ በተመለከተ፣ የጎረቤታችንን የወይዘሮ ወለተ ማርያምን ልጅ ኢየሩስን ቀጥሬያለሁ፤ ከፊታችን ሰኞ ትጀምራለች። ስለዚህ እዚህ ክፍት ቦታ የለም። እናትሽ ካረፈች ወዲህ አባቴ ምሳ ብቻውን ይበላል፣ ቤቱ ይሰፋዋል ብለሽም አታስቢ። ለምጄዋለሁ።

እግዚአብሔር እጅሽን ያጽናው። በእጅሽ የተኛ ሁሉ በደህና ይንቃ።

አባትሽ ደጀኔ