ከኋላ ወንበር ሥር

ልጄ ወላእ፣ ካለሽበት ሰላሜ ይድረስሽ፤ ብርዱም ክፉ ዓይንም አይንካሽ። እኔ እዚሁ ጀብራ ሰፈር ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ምሳሽን ትበያለሽ?

የአባትሽ ቮልስ ባትሪው ሞተ። መካኒካችን ይስማው፣ «ወላእ ትልቅ ሞተር አስገብታበታለች፤ ትልቅ ባትሪ ይፈልጋል» ብሎኝ ከኦምዱርማን ገዛን። ቦታው ከኋላ ወንበር ሥር አይደል? የአዲሱ ባትሪ ቁመት በዛ። «የወንበሩ ሽቦ ከነካው እሳት ነው፤ ያላ፣ በይ ወንበሩን እናውጣው!» አለኝ። ተቆጣሁት። አባትሽ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የኦምዱርማንን ድልድይ ሲያሻግረን ትተኚበት የነበረውን ወንበር? ባትሪውን አስመልሼ አጭሩን አስገባሁ። ደካማ ነው፤ መኪናው ጠዋት ጠዋት ስንት ተለምኖ ይነሳል።

በወጣሽበት እግር በሰላም ይመልስሽ። ኢንሻላህ ስትመጪ ይስማው ይነዳል፤ አንቺ ግን እንደ ልጅነትሽ ከኋላ ተኚልኝ።

እናትሽ ሐመልማል