የተረተርሁብሽ አራት ጣት ሸማ

ለዘነበች፣

ከተለየሽን አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። ቤቱ ደህና ነው። የሚያፈሰውን ጣራ ራሴ ጠገንሁት። ልጃችን ሂሩት፣ በዚህ ዕድሜህ መሰላል ትወጣለህ እንዴ ብላ ጮኸችብኝ፤ አልሰማኋትም። የሽመና መሣሪያዬም ጋራዡ ውስጥ እንዳለ ነው። ማንም ሳያስተምረኝ እያየሁ የለመድሁት ሙያ ስለሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ አለ ብዬ አላምንም ነበር።

ባለፈው ወር ሂሩት ቻምብሊ ከተማ ወዳለ አንድ የሽመና ቤት ይዛኝ ሄደች። ግድግዳው ላይ ከቁመቴ የሚበልጥ ጨርቅ ተሰቅሏል። ዝናብ የሚወርድበት ሐይቅ ነው፤ ብሩሽ የነካው ቦታ የለም፣ ሁሉም ክር ነው። እኛ ማጉን ከዳር እስከ ዳር እንወረውራለን። እዚያ ግን እያንዳንዱ ቀለም የራሱን ቦታ ብቻ ሄዶ ይመለሳል፤ አንድ ጣት ለመሸመን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሸማኔው የት አለ ብዬ ጠየቅሁ። ሂሩት ሳቀችብኝ። አባዬ፣ ፊትህ የቆመችው ናት እኮ፣ አለችኝ። ጃፓናዊት ናት፤ ዕድሜዋ ካንቺ ብዙም አይርቅም። እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። ጥፍሮቿን እንደ መጋዝ ጥርስ ሞርዳቸዋለች፤ ማጉን የምታጠብቀው በነሱ ነው። ስህተት ልፈልግ ጠርዙን በጣቴ ዳሰስሁት። አላገኘሁም።

እስከ ቤት ድረስ በመኪናው ውስጥ የማስበው ስላንቺ ነበር።

ኮንየርስ ከተማ መጋዘን እሠራ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ቀን እኔ በሌለሁበት መሣሪያዬ ላይ ተቀምጠሽ አራት ጣት ያህል ሸምነሽ ጠበቅሽኝ። መፍተል ያንቺ ነው፣ መሸመን የወንድ ነው ብዬ ፊትሽ ክር በክር ተረተርሁት። አንቺ ክሩን ጠቅልለሽ ቅርጫቱ ውስጥ መለስሽው። ያን ጊዜ ያልነገርሁሽን አሁን ልንገርሽ፤ ሥራሽ ከኔ ይሻል ነበር። አውቄ ነው የተረተርሁት።

እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ሂሩትን፣ ነይ መሣሪያዬ ላይ ተቀመጪ አልኋት። ጠርዙ ጠመመባት። እጄ ሊያርም ተነሣ፤ ኪሴ ውስጥ ከተትሁት።

ይቅርታ መጠየቅ አልለመድሁም፤ ታውቂኛለሽ። ሰው ስላንቺ ሲያነሣብኝ ፈትሏ ቀጭን ነበር እያልሁ ቆይቻለሁ። ከእንግዲህ፣ ሸማኔም ነበረች፣ የከለከልኋት እኔ ነኝ እላለሁ። በሁለተኛ ዓመት መታሰቢያሽ ቄሱም ዘመዱም ባለበት ቆሜ እናገረዋለሁ። እስክሞት ድረስም ስምሽን ያለዚህ አላነሣም።

ባልሽ ተሰማ