ደምሰው ኳሱን ለማን ያቀብል?

ሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 1994 ዓ.ም.

ዛሬም ያው ነው። ደምሰው ኳሷን ይዞ ዞረ፣ አየ፣ ፈራ፣ ለእኔ ሰጠ። እኔን ደግሞ ሁለት ሰው ይዞኛል። ተነጠቅኩ። እንደገና ዞረ፣ አየ፣ ለእኔ ሰጠ። ተነጠቅኩ። በመጨረሻ «አንተ ልጅ፣ ዓይን የለህም?» ብዬ ጮህኩበት። አንገቱን ደፋ።

ይሄ ጎማ ቤቱ ጓሮ ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት ያየሁት ልጅ ነው? ያኔ እኮ ሳያይ ነበር የሚያቀብለው። አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የጓሳ ተራራ ጥግ ልጅ፣ ጎማ እየለጠፈ ራሱን የሚያስተዳድር። ኳስ አከፋፋይ አገኘሁ ብዬ ለወረዳው ቡድን ያመጣሁት እኔው ነኝ። ከመጣ ወዲህ ግን እንጨት ሆነ። ሦስት ግጥሚያ ተሸነፍን። ኮሚቴው ደግሞ እሁድ ከሞላሌ ከተማ ቡድን ጋር ስንጫወት ካልተሻሻለ ይሰናበት ብሎ ወሰነ። እጅ አውጡ ሲባል እኔም አወጣሁ። አምበሉ እኔ ነኝ፣ ዘጠኝ ዓመት መሐል አጥቂ ሆኜ ተጫውቻለሁ፣ ቡድኑ ሲሞት ዝም ብዬ ልይ?

አዲሱ አሰልጣኝ መጡ። አቶ ዘውዴ ይባላሉ፤ የመርሐቤቴ ሰው ናቸው፣ ሃምሳውን ያለፉ፣ አጭር፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሮ የተከናነቡ። የከተማችን የመሐል ሜዳ ብርድ ገና ከአውቶቡስ ሳይወርዱ ነው የተቀበላቸው፤ ያስነጥሳሉ። ፊሽካ የላቸውም። ድንጋይ ካቡ ላይ ተቀመጡና ልምምዱን እስኪያልቅ አዩ። እያዩ ከአንዱ ኪስ ጥሬ እያወጡ ወደ ሌላው ይከታሉ። ቆሎ መስሎኝ ነበር፤ ግን አልቆረጠሙም። ጉድ ነው! አሰልጣኝ ስጡን ብንል ጥሬ ቆጣሪ ላኩልን።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ዛሬም ጥሬ። ዛሬም ዝምታ።

ከልምምድ በኋላ አስለፉንና ዕድሜያችንን ጠየቁን። ለኳስ ዕድሜ ምን ያደርጋል? «ሠላሳ ሦስት» አልኩ። ዕድሜዬ ግን ሠላሳ ሰባት ነው። ተከላካያችን ሃምሳ አለቃ ይመር፣ የድሮ ወታደር ነው፣ «አርባ፣ ጥይት የበላውን ትቶ» አለ፤ ሁሉም ሳቀ። ደምሰውን ግን ሌላ ነገር ጠየቁት። ከዚህ ሁሉ ሰው ማንን ታውቃለህ አሉት። «ጋሽ ጌታቸው አራተኛ ክፍል አስተምረውኛል» አለ። ጌታቸው እኔ ነኝ። «ሃምሳ አለቃ የአባቴ ሚዜ ናቸው። ክንፍ ላይ ያለው ኃይሉ ደግሞ እኩያዬ ነው።» አሰልጣኙ ጻፉ።

ለአስካለ ነገርኳት። ባለቤቴ ኳስ አትወድም፤ ነገር መስማት ግን ትወዳለች። «ሠላሳ ሦስት አልክ?» ብላ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። ዋናው ወሬ እሱ አልነበረም እኮ!

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ተናድጃለሁ። ተናድጄ ነው የምጽፈው።

አሰልጣኙ ለብቻዬ ጠሩኝ። ከቀኝ ኪሳቸው አንድ እፍኝ ጥሬ አወጡና ካቡ ላይ ዘረገፉት። ባቄላና አተር ነው። «መምህር፣ ደምሰው ለታላላቆቹ ሲያቀብል ባቄላ፣ ለእኩዮቹ ሲያቀብል አተር ወደዚህ ኪሴ አስገባለሁ። ተመልከት» አሉኝ። ባቄላው ክምር ነው። አተሯን በጣት ትቆጥራታለህ።

«ታላላቆቹ የተሻልን ስለሆንን ነዋ!» አልኩ።

«አይደለም። ስለምትጠሩት ነው። አንተ ‹ደምሰው!› ብለህ ስትጠራው ልጁ ሜዳ ላይ መሆኑን ይረሳል። አስተማሪው ጠርቶት እንቢ ሊል ነው? ኃይሉ ብቻውን ቆሞ ያየዋል፣ አይቶ ወዳንተ ይሰጣል። ዓይኑ ደህና ነው። ጥሩ አድርጋችሁ ነው ያሳደጋችሁት፤ ችግሩ ይሄው አስተዳደጉ ነው።»

ረጋ ብለው ነው የሚናገሩት፣ ሰው አያዋርዱም፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ ያናድዳል። ጥዬ መጣሁ።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ለአስካለ ዘረገፍኩላት። ከእኔ ጋር ትናደዳለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ታዲያ ውሸታቸውን ነው?» አለችኝ። «ያ ልጅ እዚህ ሲመጣ ተቀመጥ ካላልከው እስኪመሽ ይቆማል። ሜዳ ሲገባ በምን ተአምር ሌላ ሰው ይሁን?»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። እጄን አውጥቼ ያስፈረድኩበት ልጅ ጥፋቱ እኔን ማክበሩ ኖሯል። እስካሁን ከንክኖኛል።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

ጠዋት ሄጄ አሰልጣኙን ይቅርታ ጠየቅኩ። «የመጣህበት ፍጥነት ደስ ይላል፤ ሜዳ ላይም እንዲህ ብትሮጥ» አሉኝ። ሰውዬው ለካ ይቀልዳሉ።

ልምምድ ላይ ደምሰውን መሐል አቆሙትና «ዛሬ አንተ ነህ የምታዘው፤ ሂድ፣ ና፣ ቁም በላቸው» አሉት። ምስኪን! ኳሷ እግሩ ሥር ናት፣ አፉን ከፈተ፤ «ጋሽ ጌታቸው፣ ካላስቸገርኩዎት ትንሽ ወደ ግራ…» ብሎ ሳይጨርስ ተነጠቀ። ሃምሳ አለቃ ሳር ላይ ወድቆ ሳቀ። ልጁ ፊቱ ፍም መሰለ።

እኔም ላግዝ ብዬ አባስኩት። «ሜዳ ውስጥ ጋሼ የለም፣ አንተ እያልክ ስደበኝ ከፈለግክ!» አልኩት። ደነገጠ። ከዚያ በኋላ ኳስ ራሱ እግሩ ላይ አልቆም አለ። ልምምዱ ሲበቃን ቀረበኝና እንባ ባቀረረ ዓይኑ «ያስተማረኝን ሰው እንዴት አንተ እላለሁ? ቢያሰናብቱኝ ይሻለኛል» አለኝ።

እኔስ አባቴን ላዝ እችል ነበር?

አሰልጣኙ አልተቆጡም። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በማይወጣበት በር ግፋ አልኩት» ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው ሄዱ። እስከ ዛሬ ያየኋቸው አሰልጣኞች በሙሉ ጥፋቱን ተጫዋች ላይ ነው የሚደፈድፉት። እኔን ጨምሮ።

ሦስት ቀን ቀርቶናል።

ዓርብ፣ የካቲት 8

ይሄን ሰውዬ የሚያህል ሰው አላየሁም። ጽፌዋለሁ፣ አልመለስበትም።

ከልምምድ በኋላ ሳር ላይ አስቀመጡንና ሃምሳ አለቃን፣ «ለገብስ አጨዳ ደቦ ማን ዘንድ ወጣህ?» አሉት።

«የሟች ወንድሜ ልጅ ዘንድ።»

«እዚያ ማን አዘዘህ?»

«ልጁ ነዋ።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«አስራ ስድስት ቢሆነው ነው።»

«የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ አንተን ሃምሳ አለቃውን፣ ከዚህ ጀምር፣ ወደዚያ እለፍ ሲልህ አልተቀየምክም?»

ሃምሳ አለቃ ተቆጣ። «ለምን እቀየማለሁ? ማሳው የሱ፣ ደቦውን የጠራው እሱ! በሰው ማሳ ላይ ላዝ እንዴ? ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው!»

አሰልጣኙ ቀስ ብለው ሜዳውን በዱላቸው አሳዩና «እሁድ ይሄ መሐሉ የማን ማሳ ነው?» አሉ።

ሁላችንም ወደ ደምሰው ዞርን።

«እንግዲያው ደምሰው፣ ደቦ እንደ ወጉ ይጠራል። ነገ በየቤታቸው ትሄዳለህ። ውጡልኝ ትላለህ። ቦታቸውን ትነግራቸዋለህ። ባለማሳው ደግሞ ሠራተኛውን ያበላል፤ የምታበላውን አስብ።»

ልጁ ሳቀ። ከወር በኋላ ዛሬ ጥርሱን አየሁት። አክብሮቱን ተው አላሉትም እኮ! አክብሮ የሚያዝበትን መንገድ ፈልገው ሰጡት። እኔ አስራ አምስት ዓመት ሙሉ ልጆች አስተምሬ እንዲህ ያለ ዘዴ አንድ ቀን አልመጣልኝም።

ግን ወሬ ነው ገና። እሁድ ይታያል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

መጣ። እጁ ላይ የጎማ ማስቲሽ እንዳለ፣ ነጠላውን አጣፍቶ በር ላይ ቆመ። «ጋሽ ጌታቸው፣ ነገ ደቦ አለብኝ። እንዲወጡልኝ ብዬ ነው።»

«እወጣልሃለሁ። የት ጋ ልያዝ?» አልኩት፣ ለአጨዳ እንደሚባለው።

ምራቁን ዋጠ። «በግራ በኩል። መሐሉን ይልቀቁልኝ።»

ኧረ ምን ጉድ ነው! ዘጠኝ ዓመት የቆምኩበትን መሐል! አስካለ ከጓዳ ታያለች፣ ከንፈሯን ነክሳ። «እሺ» አልኩ። እሺ ማለት እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሊሄድ ሲል አላስቻለኝም፣ ነገርኩት። «ይሰናበት ሲባል እጄን አውጥቻለሁ።»

«አውቃለሁ» አለ። ሰምቶ ኖሯል፣ ሰምቶም ነው ይሄን ሁሉ ቀን ኳሱን ለእኔ ሲሰጥ የከረመው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ግን እጅ ነስቶ ወደ ሃምሳ አለቃ ቤት ሄደ።

እሁድ፣ የካቲት 10

በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አለዚያ እደበላልቀዋለሁ።

ከቅዳሴ በኋላ ሜዳው ዙሪያ ሰው ሞላ። ከሞላሌም በጭነት መኪና መጥተዋል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ከነወረቀቱ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ነፋሱ ከጓሳ በኩል ይገርፋል።

የመጀመሪያው አጋማሽ፦ ጥፋቱ የእኔ። ግራ ቁም ተብዬ ቆሜ ነበር፤ እስከ ሃያኛው ደቂቃ ገደማ። ከዚያ ኳሷ ደምሰው እግር ሥር ስትገባ የዘጠኝ ዓመት ልማድ አፌን ከፈተው። ወደ መሐል ሮጥኩ፣ «ደምሰው!» ብዬ ተጣራሁ። ልጁ ክው አለ። ሰጠኝ። ተነጠቅኩ። ሞላሌዎች ይዘዋት ሄደው አገቡ። አንድ ለባዶ። ሰብሳቢው ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ፤ የደምሰውን ስም እንደሆነ ማንም ያውቃል።

በእረፍት ሰዓት ደምሰው ቤት ያከራየችው ሴትዮ የጋገረችለትን የገብስ ዳቦ ከነመሶቡ ይዞ መጣ። በቢላ ቆረሰና ለእያንዳንዳችን በሁለት እጁ ሰጠን። እኔ ጋ ሲደርስ ተቀበልኩና፣ «ዳቦህን በልቻለሁ። ካሁን በኋላ ድምፄን ብትሰማ ከሰው አትቁጠረኝ» አልኩት። ሃምሳ አለቃ «እኔንም!» አለ አፉ ሞልቶ።

ሁለተኛው አጋማሽ። አፌን ዘጋሁ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሜዳው ጭር አለ፤ ማንም አይጣራም። ከዚያ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ የማን እንደሆነ አላወቅኩትም፤ ከማዶ በሬ የሚጠራ ገበሬ የሚመስል ድምፅ። «ሃምሳ አለቃ፣ ወደ ኋላ ይመለሱ! ጋሽ ጌታቸው፣ ግራውን ይዘው ይሩጡ! ይሩጡ እንጂ!»

«ይሩጡ እንጂ» አለኝ! ሮጥኩ። ሁለት ተከላካይ ተከተለኝ፤ የጌታቸውን ስም ያውቃሉ፣ ኳሷ ለእኔ እንደምትመጣ ያውቃሉ። አልመጣችም። ደምሰው ሳያይ በተቃራኒው ወደ ኃይሉ ላካት። ኃይሉ ብቻውን ነበር። ጎል! አንድ ለአንድ። እኔ ኳሷን ሳልነካ ከማንም በላይ ጨፈርኩ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን መጻፍ ያቅተኛል። ያ ልጅ ሜዳውን አዘዘው። አንቱ ይላል፣ ያዛል። ጋሼ ይላል፣ ያዛል። አሰልጣኙ ካብ ላይ ሆነው፣ ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ ወርዶ፣ ኪሳቸውን ሳይነኩ ያያሉ።

አስር ደቂቃ ሲቀር ጉልበቴ ከዳኝ። ደብቄ ነበር። ደምሰው ወደ እኔ ሮጦ መጣ፣ ዓይኔን አየና «ጋሼ፣ ደክመዋል። ይረፉ፤ የሚተካዎ ትኩስ እግር ያስፈልገኛል» አለኝ። አሰልጣኙን አየሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሳይጨርስ የወጣ ጌታቸው የለም። አሰልጣኝ ሊያስወጣኝ ሲል ተጣልቼ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ማልያዬን እያስተካከልኩ ወጣሁ። ሁለተኛዋን ጎል የተካኝ ልጅ አገባት፤ ያቀበለው ደምሰው ነው። ካቡ አጠገብ ቆሜ አየሁ። ሁለት ለአንድ።

ሰብሳቢው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ልጁ ይቆይ» አለ። እኔም ሰው ሁሉ እየሰማ «የዚያን ቀን እጄን ማውጣቴ ስህተት ነበር» አልኩ። አሰልጣኙን ላመሰግናቸው ስሄድ ያስነጥሳሉ። «ለብርዱ መድኃኒት የላችሁም?» ብቻ ነው ያሉኝ።

ሰዉ ሲበተን ደምሰው አጥር ጥግ ጠበቀኝ። ያ የሜዳው ድምፅ የት እንደሄደ እንጃ፣ በጭንቅ ነው የሚሰማው። «ጋሼ፣ ስላስወጣሁዎት ተቀይመውኛል?»

«በፍጹም» አልኩት፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረግኩ።

ውሸቴን ነው፤ ትንሽ ተቀይሜያለሁ። ጉልበቴን አስካለ በሙቅ ውሃ እያሸችልኝ ሳለ እንኳ ትንሽ እየቆጨኝ ነው። ከዚህ በኋላ እኔ ሁልጊዜ እንደማልሰለፍ ዛሬ ገብቶኛል። ግን ልጁ ልክ ነበር፤ እግሬ አልቆ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ተመልካች መሐል ያየልኝም እሱ ብቻ ነው።